ሹም ሽር፣ ምርጫና የወረዳው በጀት

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



የተሰጠን ርእስ የውኃ ተቋማት አያያዝ የሚል ነበር። ስለ ውኃው እንናገራለን። ነገር ግን በሥራ ላይ እንዳየነው የቦኖ ውኃ የሚቆመው ቧንቧው ስለተሰበረ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው የተሰበረውን ሊያስጠግን ቃል የገባው ሹም ከወንበሩ ስለተነሣ፣ ቃሉም በበጀት መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከውኃው ምንጭ ይልቅ ስለ ገንዘቡ ምንጭ፣ ገንዘቡን ስለሚያዝዙት ሰዎች አካሄድና ስለ ምርጫ እንድንነጋገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

አስቀድመን አንድ ያጋጠመንን እንንገራችሁ። የወረዳውን ስም አንጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ጋር ሆነን ምንጭ አጎለበትን፤ ውኃውን በሞተር ወደ ማጠራቀሚያ አውጥተን ወደ ቦኖዎች አደረስነው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ግንባታው በእኛ፣ የጉልበት ሥራውና ድንጋዩ አሸዋው በምእመናኑ፣ የዕለት ተዕለት ጥበቃው በውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ተባለ። ከርክክብ በኋላ የሚመጣው ከባድ ጥገና ደግሞ በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት እንዲሸፈን ተጽፎ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ፈረሙበት። ምረቃው ደማቅ ነበር። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ፎቶግራፍም ተነሣን።

በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ተቃጠለ። የደብሩ አለቃ የስምምነቱን ቅጂ በመጠቅለያ ይዘው ወደ ወረዳው ወረዱ። የፈረሙት አስተዳዳሪ ወደ ዞን አድገው ሄደዋል። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል። አዲሱ ኃላፊ አለቃውን በአክብሮት ተቀብለው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ «አባታችን፣ ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዘንድሮው በጀት እንዲህ ያለ የሂሳብ መደብ የለም» አሏቸው።

ሰውየው አልዋሹም። ያለ ሂሳብ መደብ አንድ ብር ቢያወጡ ተጠያቂው እርሳቸው ነበሩ። ጥፋቱ የእኛም ጭምር ነው። ፊርማውን ስንቀበል «ይህ ወጪ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መደብ ይያዛል?» ብለን አልጠየቅንም። የሰውየውን ፊርማ የመንግሥት ፊርማ አድርገን ወሰድነው። እናቶችም ሰባት ወር ሙሉ እንሥራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በየሄድንበት ወረዳ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ሹሙ ነገ ቢሄድ ይህ ቃል የት ተጽፎ ይገኛል?

አባቶቻችን ጉዳያቸውን ለማስፈጸም የሚያውቁት መንገድ ደጅ ጥናት ነበር። ደጅ የሚጠናውም ሁሉ ነገር በሰውየው እጅ ስለነበረ ነው። ሹም ደመወዝ ሳይሆን ከተሾመበት አገር የሚያገኘውን ግብር ይበላ ነበር፤ ሹመቱም በበላይ ፈቃድ ተሰጥቶ በበላይ ፈቃድ ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ሁላችንም በስድብ መልክ እንጠቅሰዋለን። ለእኛ ግን ስለ ሰዎች ክፋት ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው ይበልጣል። መቼ እንደሚሻር የማያውቅ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ፍሬ የሚሰጥ ነገር እንዲተክል የሚያስገድደው ምንም አልነበረም።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎችን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ያሉ ደመወዝተኞች አደረጋቸው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ሆኖም ሚኒስትሩንም ገዥውንም የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበር፣ የሹሙ ዓይን ከታች ወደ መራጩ ሳይሆን ከላይ ወደ ሿሚው ማየቱን ቀጠለ። ሕዝቡም ደጅ መጥናቱን አልተወም።

ዛሬስ? በሕጉ መሠረት የወረዳ አስተዳዳሪ የሚመረጠው በወረዳው ምክር ቤት ነው፤ በጀት የሚያጸድቀውም ይኸው ምክር ቤት ነው። በተግባር ግን አንድ የወረዳ ሹም ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚያድገው የበላዮቹ በሚያደርጉለት ግምገማ ነው። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በእርሱ ወንበር ብንቀመጥ እኛም ከዚህ የተለየን አንሆንም፤ እንዲያውም በእኛ በፕሮጀክት ሠራተኞች ዘንድ ያው ነው፤ ለለጋሽ የምንልከው ሪፖርት የሚያምረው አዲስ ግንባታ ሲኖረው ነው። በጉባኤ የሚያስጨበጭበው አዲስ የተመረቀው ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት የተሠራው ዛሬም ሳይቋረጥ መፍሰሱ አያስጨበጭብም። ጥገና ሪባን የለውም። በዚህ ምክንያት በበጀት ክርክር ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥገና ነው።

ምርጫ ይህን ሊያርም ይገባው ነበር። ውኃው የቆመበት ቀበሌ ሰው በድምፁ ሊጠይቅ ይችላልና። ነገር ግን የምርጫውን ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ በሕገ መንግሥቱ በየ5 ዓመቱ ነው። ለእናንተ ከሁሉ የሚቀርበው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ግን ተራዘመ። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ2012 ዓ.ም. ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። የታችኛው ምርጫ ሲዘገይ በሹሙ ላይ የሚቀረው ዓይን የላይኛው ብቻ ይሆናል። መራጩ ቀኑን እስኪያገኝ ድረስ የሰበካ ጉባኤና የመሳሰሉ የአካባቢ ማኅበራት በበጀት ስብሰባ ላይ መገኘት የበለጠ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ምርጫ በወጪ ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን በድምፅ መስጫው ቀን ብቻ አይወሰንም። ብዙዎቻችሁ የምርጫ 1997ን ማግሥት ታስታውሳላችሁ። በተፈጠረው ቀውስ ምክንያት ለጋሽ መንግሥታት ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። ያ ገንዘብ ግን በመጨረሻ የሚደርሰው በየወረዳው ወዳሉት መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበር። በመሆኑም በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የተባለው መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ድጋፉ በክልሎች በኩል ወደ ወረዳ እንዲወርድና ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለውኃ እንዲውል ተደረገ። ከዚህ ጋር ወረዳዎች በጀታቸውን ለሕዝብ በሰሌዳ እንዲለጥፉ፣ ነዋሪዎችም ስለሚያገኙት አገልግሎት በግልጽ እንዲጠየቁ የሚያደርግ ክፍል ተጨመረ። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የምታዩት፣ አንዳንዴም የመኪና ጨረታ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ያ የበጀት ሰሌዳ በየቦታው የተስፋፋው በዚያ መርሐ ግብር ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈጠረ የምርጫ ውዝግብ በአንድ ገጠር ወረዳ የበጀት ሰሌዳ አሰቀለ ማለት ነው። ያሳዝናል፤ ብዙዎቻችን በሰሌዳው አጠገብ አልፈን ወደ ኃላፊው ቢሮ እንገባለን እንጂ ቆመን አናነብበውም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ከተነሡት የሕዝብ ተቃውሞዎች በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አጸደቀ። የወጣቶች ሥራ አጥነት በ2009 ዓ.ም. አልተጀመረም፤ የቆየ ነበር። ገንዘቡን ያመጣው የጥያቄው መነሣት ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ ተደራጅቶ፣ ስም ዝርዝርና ዕቅድ ይዞ የተገኘው ቀደመ።

አሁን ወረዳው ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ እንመልከት፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሎችም በተራቸው ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላሉ። ይህ የወረዳ ድጎማ አሠራር በ1990ዎቹ አጋማሽ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የተጀመረ ነው። በቀመሩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ የሕዝብ ቁጥር ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ ሦስተኛው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው በጸጥታ ችግርና በሌሎችም ምክንያቶች ተደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ወረዳችሁ ተፈናቃይ ተቀብሎ ቢሆን፣ ወይም በመንገድ ዳር አዲስ ከተማ በቅሎበት ቢሆን፣ ለወረዳው የሚመጣው ገንዘብ በዚያ አሮጌ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ በተገመተ ቁጥር ነው። አንድ ቆጠራ መዘግየቱ እስከ ጤና ኬላው የመድኃኒት መደርደሪያ ድረስ ይደርሳል።

የመጣውም ገንዘብ አብዛኛው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ይህ ክፉ አይደለም፤ መምህር ያለ ደመወዝ አያስተምርም። ነገር ግን ከደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ለጥገና፣ ለነዳጅና ለመለዋወጫ የሚደረገው ሽሚያ ብርቱ ነው። ወረዳ ሲከፈል ደግሞ ሽሚያው ይብሳል። በየአካባቢው «ወረዳ ይሰጠን» የሚል ጥያቄ ሲነሣ የምንሰማው ከምክንያት ጋር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ክረምት ላይ ወንዝ ያግደናል፣ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ ወረዳ ማለት አዲስ አስተዳዳሪ፣ አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ ጽሕፈት ቤቶች፣ አዲስ መኪና ማለት ነው። ለተማሩት የአካባቢው ልጆች የሥራና የሹመት በር ይከፈታል፤ የክልሉ ጠቅላላ ድጎማ ግን ወረዳ በመከፈሉ ብቻ አያድግም። የተማረ ልጃችን ሥራ ማግኘቱን የምንጠላ አይደለንም፤ ወንበሩ የቆመው ከቦኖው በተቀነሰ ገንዘብ ላይ ሊሆን እንደሚችል ግን ማወቅ አለብን።

በክልል ደረጃም አይተነዋል። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ክልል መረጠ፤ ቀጥሎም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። የሕዝብ ውሳኔ የሕዝብ ነው። እኛን የሚመለከተው ግን ሐዋሳ ላይ ከአንድ ቢሮ ጋር የተፈረመ የፕሮጀክት ስምምነት ወራሹ ማን እንደሆነ መፈለግ ማስፈለጉ ነው። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ወደ አዲሶቹ ማዕከላት ተዛወረ፤ መዝገቡም ተከፋፈለ። በዚያ ጊዜ ማኅተም ያለበትን ቅጂ በደብሩ ሣጥን ያስቀመጠ ሰበካ ጉባኤ ሥራው ሳይጓተት ቀጠለለት፤ «እዚያ ቢሮ አለ» ብሎ የተቀመጠ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰው የማይገኝበት በር ሲጠና እናያለን። ለመንገድና ለውኃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ዘንድ የሚሄዱ ኮሚቴዎች አሉ። በጎረቤታችን በኬንያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየምርጫ ክልሉ የተመደበ የልማት ፈንድ ስላለ፣ የምክር ቤት አባል ዘንድ መሄድ ትርጉም አለው፤ በዚያው ልክ ፈንዱ ለምርጫ ቅስቀሳ መዋሉ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በእኛ አገር አሠራር ግን የምክር ቤት አባሉ የራሱ ካዝና የለውም። ድምፁን ሊያሰማላችሁ ይችላል፤ ሞተር ሊገዛላችሁ ግን አይችልም። የሞተሩ ጉዳይ ያለው በወረዳው ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ታዲያ ወደዚያ ጠረጴዛ መቼ ይቀረባል? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የፌዴራሉ በጀት ሰኔ ላይ ይጸድቃል፤ የክልሉና የወረዳው እርሱን ተከትሎ ይመጣል። የየጽሕፈት ቤቱ ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚሰናዳው ግን እንደየክልሉ ጥቂት ቢለያይም ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ በበጋው ነው። እኛ ደብዳቤ ይዘን የምንሄደው መቼ ነው? ሞተሩ ሲቃጠል። ወይም መስከረም ላይ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ። በዚያን ጊዜ ሹሙ ቢወደንም የሚሰጠን ነገር የለውም። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚገባ ደብዳቤ ግን ለሹሙ ራሱ ድጋፍ ነው፤ «ሕዝቡ ጠይቋል» ብሎ ለማስያዝ ይጠቅመዋል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ ግልባጩም ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ። በኃላፊው እጅ ብቻ የተሰጠ ደብዳቤ ከኃላፊው ጋር ይሄዳል።

ስለ መሠረት ድንጋይም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ምርጫ ሲቃረብ፣ ወይም የበላይ ሹም ሲጎበኝ፣ ካህናት ለቡራኬ ይጠራሉ። ድንጋዩ ይቀመጣል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ እልል ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ድንጋዩን ቆንጥር ይውጠዋል። ሕዝቡ ግን የሹሙን ስም ረስቶ የጸለዩትን ቄስ ያስታውሳል፤ ቄሱ በደብሩ አሉና፤ ሹሙ ሄዷል። አንድ አዛውንት ካህን «ልጄ፣ በእኔ ጸሎት የተጀመረውን ትምህርት ቤት መቼ ነው የምትጨርሱት ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» ብለው ጠይቀውን መልስ አጥተናል። ከዚህ በኋላ የተጠራችሁ አባቶች ከመሄዳችሁ በፊት በትሕትና «በጀቱ ተይዟል ወይ?» ብትሉ ነውር አይደለም። ሕዝቡ በእናንተ ቃል ያምናልና፣ እምነቱን የመጠበቅ አደራ አለባችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ወደ ፖለቲካ መግባት አይሆንም ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት ላይ ለአንድ ዕጩ ድምፅ መጠየቅ፣ ወይም የሰበካ ጉባኤን ማኅተም ለፓርቲ ድጋፍ ማዋል ፈጽሞ አይገባም፤ ደብሩን ይከፋፍላል፣ ነገ ሌላው ሲሾምም ያስቀየማል። ነገር ግን አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። የበጀት ሰሌዳ ማንበብ፣ ሕዝብ በሚጠራበት የምክር ቤት መድረክ ተገኝቶ «የቦኖው ጥገና የት ነው ያለው?» ማለት የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ማን ይመረጥ አላልንም፤ የተመረጠው ምን ይያዝ ነው ያልነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር መጠበቅ ለደብሩም ለልማቱም ይበጃል።

ወደ ጀመርንበት ደብር እንመለስ። የደብሩ አለቃና የሰበካ ጉባኤው ጸሓፊ ያንን የስምምነት ወረቀት ይዘው፣ በዚህ ጊዜ ግን ጥር ላይ፣ ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ አመለከቱ፤ ግልባጩንም ለአፈ ጉባኤው አስገቡ። ጸሓፊው የመዝገብ ቤቱን ቁጥር በቃለ ጉባኤያቸው ላይ ጻፉት። በመጀመሪያው ዓመት አልተሳካም፤ «ለሚቀጥለው ይታያል» ተባለ። ሞተሩን በዚያ ዓመት ያስጠገነው የተጠቃሚዎች ኮሚቴ ከየቤቱ ያዋጣው ገንዘብና የእኛ ጥቂት ድጋፍ ነው። በሚቀጥለው ጥር በድጋሚ አመለከቱ፤ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይም ሁለት እናቶችና አንድ ዲያቆን ተገኝተው ተናገሩ። ሐምሌ ላይ በጸደቀው በጀት ውስጥ የውኃ ተቋማት ጥገና የሚል የሂሳብ መደብ ተያዘ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ቴክኒሻን አበልና ለመለዋወጫ እንጂ ለአዲስ ሞተር አይበቃም። ለእነርሱ ደብር ብቻም አይደለም፤ ለወረዳው ቦኖዎች ሁሉ ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እኒያ ትሑት ኃላፊም ተዛወሩ። የተተኩት አዲስ ሰው ስለ ደብሩ የሚያውቁት አልነበረም። ቴክኒሻኑ ግን በተያዘለት አበል ኅዳር ላይ መጥቶ ቫልቩን ለወጠ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይዛችሁ እንድትመጡ የጠየቅናችሁን የርክክብና የስምምነት ወረቀቶች እናወጣለን። ፈራሚው ዛሬ በቦታው ያለ መሆኑንና ወጪው የሂሳብ መደብ የተሰጠው መሆኑን አንድ በአንድ እንመለከታለን። ቅጂው የጠፋባችሁ ካላችሁ ስማችሁን ለጸሓፊያችን ስጡ፤ ከእኛ መዝገብ እንፈልጋለን።